ገጸ ባሕርያትሽ ማንን «አንቱ» ይላሉ?

ጥያቄ፦ በቲያትር ጥበባት ተመርቄአለሁ። ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ጸሐፊ ለሚፈልግ ድርጅት የአንድ ክፍል ናሙና አስገብቼ «ሰዎችሽ ሁሉ በአንድ አፍ ነው የሚናገሩት» ተብሎ ተመለሰልኝ። የእያንዳንዳቸውን ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ደረጃና የሚወዱትን ምግብ ግን አስቀድሜ ጽፌ ነበር። ምን ጎደለኝ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ የሞላሽው የመታወቂያ ቅጽ ነው። በሬዲዮ ቁመት አይታይም፤ አድማጭ ሰውን የሚለየው በድምፁና በቃሉ ነው። ስለዚህ ከአንደበታቸው ጀምሪ።

አማርኛ ለዚህ ድንቅ መሣሪያ አለው። አራት ገጸ ባሕርያት ካሉሽ እያንዳንዳቸው ሌሎቹን ሦስት ምን ብለው እንደሚጠሩ ጻፊ፤ 12 መጠሪያ ይወጣል። «አንተ» ነው «አንቱ»? «ጋሼ» ነው «አቶ»? ወይስ በቁልምጫ? ፊት ለፊት የሚባለውንና በሌለበት የሚባለውንም ለዪ። ፒያሳ ወርቅ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ አንጥረኛ ባለሱቁን ዘጠኝ ዓመት «ጋሼ» እያለ፣ በአክብሮት ሲያናግር ኖሮ አንድ ቀን «አንተ» ቢለው፣ ያ ቃል ብቻውን ትዕይንት ነው። ለምን በዚያ ቀን አለው? ይህን ከመለስሽ የታሪክሽን መነሻ አገኘሽ።

ስም ላይም አትቸኩዪ። ስም የሚያወጡት ወላጆች ስለሆኑ ስለ እነሱም ይናገራል። «ምትኩ» ወይም «ካሳ» የተባለ ልጅ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት የሞተ የቤተሰብ ሰው አለ። እናቱ ለምን እንደምትሳሳለት ከዚያ ይመጣል። የ60 ዓመት ባልቴት «ሶሊያና» ብትባል ደግሞ ጆሮ ይጎረብጣል።

ቀጥሎ ገንዘብ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ የአንድ ቀን ወጪ ቁጠሪ። ከለገሃር ፒያሳ በታክሲ ይሄዳል ወይስ የቸርችልን ዳገት በእግሩ ይወጣል? ዕቁቡን የሚጥለው ከየት አምጥቶ ነው? የማን ዕዳ አለበት?

ከዚያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፤ የሚፈልገውና የሚደብቀው። «ደስታን ይፈልጋል» አይበቃም፤ አድማጭ አገኘው ወይም አጣው ብሎ ሊፈርድበት የሚችል ነገር ይሁን። «ባለሱቁ የያዘበትን የሦስት ወር ደመወዝ ማስከፈል» ይሆናል።

አሁን ፈትኚያቸው። ለሁሉም «ትናንት ማታ የት አመሸህ?» የሚል አንድ ጥያቄ አቅርቢና እያንዳንዱ በአምስት መስመር ይመልስ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ጥያቄውን በጥያቄ ይመልሳል፣ አንዷ ሳትጠየቅ ሌላ ሰው ትከሳለች። ስማቸውን ሸፍነሽ ለጓደኛሽ አንብቢላት። ማን እንደተናገረ ካልለየች ድራማውን ገና አትጀምሪ።

በብዛት የሚያበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የተዘጋጀውን ታሪክ ሁሉ ክፍል አንድ ላይ ማፍሰስ ነው፤ «እንደምታውቀው ወንድምህ ነኝ» የሚል ወንድም የለም። ሁለተኛው ሰውን ለመለየት ብሎ የአነጋገር ዘዬ ማብዛት ነው፤ ወደ ማላገጥ ይሄዳል፣ የሚደጋግመው አንድ ሁለት ቃል ይበቃል። ሦስተኛው ጎረቤትን እንዳለ መገልበጥ ነው። ከሁለት ሦስት ሰው ቀላቅይ፣ ሙያውንና ሰፈሩን ቀይሪ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመሽ ስትሰሚም በስልክ አትቅጂ፤ ማን የማንን ወሬ እንደሚያቋርጥ ቤት ገብተሽ ጻፊ።

ይህ ለሦስት ዋና ሰዎች የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ናሙናውን መልሰሽ ስታስገቢ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ገጽ መግለጫ አያይዢ፤ ፍላጎቱንና ምስጢሩን ከላይ፣ ዕድሜውን ከታች አድርጊ።