ድመቴ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊኑን ልጨምርለት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሐዋሳ ሐይቁ አጠገብ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ነብሮ የምለው የ9 ዓመት ድመት አለኝ፤ 5 ኪሎ ይመዝናል። ከወር በፊት ስኳር አለበት ተባለና ኤንፒኤች ኢንሱሊን ጠዋትና ማታ 1 ዩኒት ታዘዘለት። እኔም ስኳር ስላለብኝ መርፌ አይከብደኝም። የምወጋው በራሴ ባለ 1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው። ጠዋት ጠዋት በራሴ መለኪያ ስለካው ግን ከ350 አልወርድ አለ። በየ3 ቀኑ እየጨመርኩ አሁን ሦስተኛው መስመር ላይ ደርሻለሁ። እሑድ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የኋላ እግሩ ከዳውና ወደቀ። ምግብ ስሰጠው ተሻለው። ወተትና ፍትፍት ነው የሚወደው። ወደ አራት ላሳድገው?

መልስ፦ መምህርት፣ አያሳድጉት! ጥያቄዎን እንዳነበብኩ የደወልኩልዎት መጽሔቱ እስኪወጣ መጠበቅ ስለማይቻል ነው። እዚህ የምጽፈው ሌላም ሰው እንዲያየው ብዬ ነው።

በስልክ ስሪንጁን በመነጽር እንዲያዩልኝ ለምኜዎት ነበር። በ0 እና በ10 መካከል ስንት ክፍተት አለ ስልዎት «አምስት» አሉኝ። እንግዲያው አንዱ መስመር 2 ዩኒት ነው። ሦስት ያሉት 6 ነበር ማለት ነው። ይህ ለነብሮ እጅግ ብዙ ነው። እሑድ እግሩን የከዳው ስኳሩ ወርዶ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ ስሪንጅ 1 ዩኒት ግማሽ መስመር ስለሆነ በግምት ነው የሚቀዳው። ፋርማሲ ባለ 0.3 ሚሊ ሊትር ይጠይቁ፤ መስመሩ ሰፋ ያለ ነው። ጠርሙሱ ላይ 100 ከተጻፈ (በ1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ማለት ነው) ስሪንጁም ባለ 100 ይሁን። ለእንስሳት ተብለው ከሚሠሩት ኢንሱሊኖች ባለ 40 የሆኑ አሉና ይህ አይምታታብዎት።

ታዲያ ጠዋት ለምን 350 ሆነ? ኤንፒኤች ድመት ላይ ቶሎ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ 12 ሰዓት አይደርስም። ጠዋት 1 ሰዓት ሲወጉት እኩለ ቀን አካባቢ ስኳሩ ታች ይወርዳል፤ ማታ ተመልሶ ይወጣል። ጠዋት የሚለኩት መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ያለውን ነው። የታችኛውን ቁጥር ሳያዩ መጠን መጨመር በጣም አደገኛ ነው። እንደ ግላርጂን ያለ ረዘም የሚቆይ ኢንሱሊን ይሻለው እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

አንድ ቀን ይመድቡለት። ጠዋት ከመውጋትዎ በፊት ይለኩ፣ ከዚያ እስከ ማታ በየ2 ሰዓቱ። ጆሮውን ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጥጥ ለደቂቃ ያሙቁት። ከጆሮው በስተጀርባ ደረቅ ጥጥ ይያዙ፣ ጣትዎን እንዳይወጉ። ጠርዙን ብቻ ይውጉ፤ ጤፍ የምታክል ጠብታ ትበቃለች። ከዚያ ጥጡን ጫን አድርገው ይያዙለት፣ የሚወደውንም ያቅምሱት። በሁለተኛው ቀን ራሱ ጭንዎ ላይ ይወጣል። ክሊኒክ ውስጥ ድመት ሲፈራ ስኳሩ ስለሚወጣ የቤቱን ልኬት እኔ የበለጠ አምነዋለሁ።

ዝቅተኛው ቁጥር ከ80 በታች ከሆነ መጠኑ መቀነስ አለበት፤ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ይደውሉ። ዝቅተኛው ቁጥር ራሱ በጣም ከፍ ካለም የሚጨመረው በሐኪሙ ምክር፣ ግማሽ ዩኒት ብቻ፣ ያውም ቢያንስ ከ5 እስከ 7 ቀን ጠብቆ ነው። ሦስት ቀን አይበቃም።

አሁን ወደታዘዘው 1 ዩኒት ይመለሱ። ከመርፌው በፊት ከ200 በታች ከሆነ ወይም ካልበላ አይውጉት፤ ይደውሉ። ከተንገዳገደ ወይም ከተንቀጠቀጠ ድዱን ማር ይቀቡት፤ መዋጥ ከቻለ ያብሉትና ወደ ክሊኒክ ይሩጡ። እየተንፈራገጠ ከሆነ ግን አፉ ውስጥ ምንም አያፍስሱ፣ ጣትዎንም አያስገቡ።

ወተቱንና ፍትፍቱን ቀስ በቀስ ይተዉለት። ወተት ስኳር አለው፣ እንጀራም ወደ ስኳር ይለወጣል፣ የወጡ ሽንኩርት ደግሞ ለድመት መርዝ ስለሆነ ወጥ የነካውን ዛሬውኑ ያቁሙ። የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል ቅርብዎ ነው። ዓሣውን ያለ ጨው ቀቅለው፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅመው ይስጡት፤ ሥጋና እንቁላልም ያፈራርቁለት። በጊዜ ታክመው ምግባቸው ሲስተካከል ኢንሱሊን ጨርሶ የማያስፈልጋቸው ድመቶች አሉ። ምግቡ ሲለወጥ የሚያስፈልገው መጠን ሊወርድ ስለሚችል በዚያን ሰሞን እኩለ ቀን ላይ መለካቱን እንዳይዘሉብኝ። ቁጥሮቹን ደብተር ላይ ይጻፉና ለሐኪሙ ያሳዩለት።