ሲገቡ ያልነበረ የሳንባ ምች ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ አባቴ በስትሮክ ምክንያት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው ለብዙ ቀናት በመተንፈሻ መሣሪያ ሲረዱ ቆዩ። አሁን ደግሞ የሳንባ ምች እንደያዛቸውና ከአክታቸው አሲኔቶባክተር የተባለ፣ ብዙ መድኃኒት የተላመደ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ እንደተገኘ ተነግሮናል። ሲገቡ ያልነበረባቸው በሽታ ከየት መጣ? እኛስ ወደ ቤታችን ይዘነው እንሄድ ይሆን?

መልስ፦ አባትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። ሕመምተኛው ሆስፒታል ከገባ ከ48 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ እዚያው እንደተያዘ ይቆጠራል። አሲኔቶባክተር፣ ሲዶሞናስና ክሌብሲየላ ጤነኛ ሰውን እምብዛም የማያጠቁ፣ የተዳከመ ሰውነትና የተከፈተ በር ሲያገኙ ግን አደገኛ የሚሆኑ ተሕዋስያን ናቸው። በሩን የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሕይወት ለማዳን የገባው ቱቦ ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦ ያለበት ሰው እንደ ልቡ ስለማያስል በጉሮሮው የተጠራቀመው ፈሳሽ ቀስ በቀስ ወደ ሳንባው ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹም በቱቦው ግድግዳ ላይ ተጣብቀው መድኃኒት በቀላሉ የማይደርስበት ንብርብር ይሠራሉ።

አሲኔቶባክተር በደረቅ ዕቃ ላይ፣ ለምሳሌ በአልጋ ጠርዝና በመሣሪያ ቁልፎች ላይ፣ ለሳምንታት መቆየት ይችላል፤ ሲዶሞናስ ደግሞ እርጥበት ስለሚወድ በመታጠቢያ ገንዳ ፍሳሽ ውስጥ ይራባል። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚያደርሳቸው ግን በዋናነት የሰው እጅ ነው። ጓንት ያደረገ እጅም ጓንቱን ሳይቀይር ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ ከሄደ ያው ነው።

መድኃኒት የሚያስቸግረው ለምን እንደሆነ ለመረዳት አፈጣጠራቸውን ማየት ይጠቅማል። የዴንማርኩ ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው የማቅለሚያ ዘዴ ሐምራዊውን ቀለም ይዘው የማይቆዩት፣ በዚህም ግራም ኔጌቲቭ የተባሉት እነዚህ ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸው፤ ሽፋኑ ብዙ መድኃኒቶችን ያግዳል፣ ሾልኮ የገባውን መልሰው የሚያስወጡ ፓምፖችና መድኃኒቱን የሚሰብሩ ኢንዛይሞችም አሏቸው። ካርባፔነም የተባሉት ጠንካራ መድኃኒቶች ሳይሠሩ ሲቀሩ ሐኪሞች አንዳንድ ጊዜ ኩላሊትን ሊጎዳ ወደሚችለው ኮሊስቲን ለመመለስ ይገደዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ዝርዝር ካርባፔነምን የተላመደው አሲኔቶባክተር በከፍተኛው የአሳሳቢነት ደረጃ ላይ ተቀምጧል።

ሆኖም ባክቴሪያው በአክታ መገኘቱ ብቻውን በሽታ አለ ማለት አይደለም፤ ጉዳት ሳያደርስ ተቀምጦም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የሚወስነው ትኩሳቱን፣ የኦክስጅን ፍላጎቱንና የደረት ራጁን አንድ ላይ አይቶ ነው። ስለዚህ «ጠንከር ያለ መድኃኒት ይታዘዝልን» ብሎ መወትወት አባትዎን አይጠቅምም፣ ሊጎዳቸውም ይችላል።

እናንተ ጤነኞች ከሆናችሁ ሥጋቱ አነስተኛ ነው። ወደ ክፍሉ ስትገቡም ስትወጡም እጃችሁን በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ እሹ፣ አልጋው ላይ አትቀመጡ፣ ቱቦዎቹን አትንኩ። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ቤተሰብ ግን ለጊዜው ባይጠይቃቸው ይሻላል። ሐኪሞቹን ደግሞ በየቀኑ በአክብሮት ጠይቁ፦ የአልጋው ራስጌ ከፍ ማለት ይችላል? የመተንፈሻው፣ የሽንቱና የደም ሥሩ ቱቦ ዛሬም ያስፈልጋሉ? ካላስፈለጉ በቶሎ መውጣታቸው ባክቴሪያው የሚገባበትን መንገድ ይዘጋል።