ጎግል ላይ በድረ ገጽህ ስም የጃፓንኛ ርዕሶች ሲወጡ

ሰላም ወንድሜ። ድረ ገጽህን ስትከፍተው ደህና ነው፤ ጎግል ላይ ግን በስሙ የጃፓንኛ የሸቀጥ ርዕሶች ይወጣሉ፤ «ዶሜይን ልቀይር?» ብለሃል። ዶሜይኑን አትንካው፣ ይህ የሚጸዳ ነገር ነው።

ላንተ ደህና የሚመስለው ሃከር ድረ ገጽህ ውስጥ የተከለው ኮድ ጎብኚውን ስለሚለይ ነው። ለጎግል ቦት (ገጾችን እየዞረ ለሚያነበው ፕሮግራም) ስፓሙን፣ ማለትም የጃፓንኛ የሸቀጥ ገጾቹን፣ ላንተ ደግሞ «ገጹ አልተገኘም» የሚለውን ያሳያል። ስለዚህ ብራውዘር ላይ አይተህ ጠፍቷል አትበል። ሰርች ኮንሶል (ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች የሰጠው መሣሪያ) ውስጥ አንዱን የስፓም አድራሻ አድራሻ በሚመረምረው ዩአርኤል ኢንስፔክሽን አስገብተህ ላይቭ ቴስት አድርግ፤ ጎግል የሚያየውን ኮድ እዚያው ታነበዋለህ።

እዚያው ሳለህ የባለቤቶችን ዝርዝር ተመልከት። የማታውቀው ኢሜይል ካለ ሃከሩ ራሱን አስመዝግቧል ማለት ነው። ስሙን ብቻ ብትሰርዝ ባለቤት ነኝ ብሎ ለጎግል ያረጋገጠበት ኤችቲኤምኤል ፋይል እስካለ ድረስ ይመለሳል። ፋይሉን ሰርቨሩ ላይ ካጣኸው ኤችቲአክሰስን (.htaccess፣ ሰርቨሩ ለጥያቄዎች እንዴት እንደሚመልስ የሚወስነውን ፋይል) ፈትሽ፤ የሌለውን ፋይል እንዳለ አስመስሎ የሚመልስ ትእዛዝ እዚያ ሊደበቅ ይችላል።

ድረ ገጽህ የተሠራው በወርድፕረስ ከሆነ መጀመሪያ የፋይሎቹንና የዳታቤዙን ኮፒ አስቀምጥ። ከዚያ ዋናዎቹን ፋይሎች፣ ፕለጊኖቹንና ቲሙን ከምንጫቸው አዲስ አውርደህ ተካ። አፕሎድስ ፎልደር የምስል ቦታ ነው፤ እዚያ ውስጥ የፒኤችፒ ኮድ ያለበት ፋይል ካገኘህ ተጠራጠር። የማታውቃቸውን አድሚኖችና ክሮን ጆቦች (በሰዓታቸው በራሳቸው የሚሠሩ ትእዛዞች) አጥፋ፤ የሆስቲንግ፣ የዳታቤዝ፣ የኤፍቲፒ (ፋይል ወደ ሰርቨር መጫኛ)ና የአድሚን ፓስወርዶችን ሁሉንም ቀይር። የገባበትን ቀዳዳ ሳትዘጋ ብታጸዳ ግን ድካምህ ከንቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀዳዳው ያልታደሰ ፕለጊን ወይም በክራክ (ሳይከፈልበት ተሰብሮ) የተገኘ ቲም ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። የስፓም አድራሻዎቹ 404 (አልተገኘም) ወይም 410 (ተወግዷል) የሚሉትን የሰርቨር መልሶች ይመልሱ። ቦቶች የትኛውን ገጽ እንዳይጎበኙ በሚነግረው የሮቦትስ ፋይል (robots.txt) አትዝጋቸው፤ ጎግል ካልገባ መጥፋታቸውን አያይም። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ ማዞርም አይጠቅምም። የሰርች ኮንሶሉ የሪሙቫልስ መሣሪያ አድራሻዎቹን ከጎግል ውጤቶች ለ6 ወር ያህል ይደብቃል እንጂ አያጠፋም።

በመጨረሻ ሰርች ኮንሶል ውስጥ የሴኩሪቲ ኢሹስን (የደህንነት ችግሮችን) ሪፖርት ክፈት። የሚዘረዝራቸው አድራሻዎች ናሙና ብቻ ናቸው፤ እነሱን ብቻ አጽድተህ ክለሳ ብትጠይቅ ውድቅ ይደረግብሃል። ጥያቄህ ላይ ምን እንዳገኘህ፣ ምን እንዳጠፋህና ቀዳዳውን እንዴት እንደዘጋህ በግልጽ ጻፍ። የስፓም ክለሳ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፤ የማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) ጥቂት ቀናት፣ የፊሺንግ (ሰውን አታሎ ፓስወርድ የሚሰርቅ ገጽ) አንድ ቀን ገደማ። ሪፖርቱ ባዶ ከሆነ የሚጠየቅ ክለሳ የለም፤ ቦቱ ገጾቹን እንደገና ሲጎበኝ ርዕሶቹ ከጎግል ቀስ በቀስ ይጠፋሉ። ቢንግ የጎግልን ውሳኔ አይከተልም፤ እዚያም ከታዩ በራሱ ዌብማስተር ቱልስ ተከታተላቸው።