በካምፕ የተጻፈ የጃፓንኛ ደብተር፦ ተርጓሚ ከመፈለግሽ በፊት

እህቴ፣ የባለቤትሽ አያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ መንግሥት የጃፓን ተወላጆችን ካሰረባቸው ካምፖች አንዱ በሆነው አይዳሆ ግዛት ባለው ሚኒዶካ ታስረው ሳሉ የጻፉትን ደብተር እንዴት እናቆየው፣ ማንስ ይተርጉምልን ብለሽ ጠይቀሻል። የምሠራው በቤተ መጻሕፍት የሰነድ ጥበቃ ክፍል ስለሆነ እንዲህ ያሉ ደብተሮች በእጄ አልፈዋል፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ትርጉሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ስካን ይደረግ። የዚያ ዘመን ወረቀት አሲድ ስላለበት ይቢጫል፣ ጠርዙም ይረግፋል። ፕላስተር እንዳትለጥፉበት፣ ላሚኔትማ በፍጹም! ቤዝመንትና ኮርኒስ ላይ አይቀመጥ፤ አሲድ በሌለው ካርቶን አድርጋችሁ ሰው የሚኖርበት ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሩት። ጓንት አያስፈልግም፤ ታጥቦ የደረቀ እጅ ይበልጣል።

ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ደብተሩ የሚጀምረው እኛ የኋላ ከምንለው ሽፋን ነው። ልጆቹ ከግራ ጀምረው ገጽ ከቆጠሩ ነሐሴ ከሐምሌ ይቀድማል። ባዶው ገጽም፣ መሃል የተሸጎጠ ቁራጭ ወረቀትም እዚያው በነበረበት ስካን ይደረግ። የምስሉ ጥራት 600 ዲፒአይ፣ የፋይሉም ዓይነት ቲፍ (TIFF) ይሁን፤ አንዱ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጥ።

ቀጥሎ የእጅ ጽሑፉን በጃፓንኛ በታይፕ አስገልብጡ። ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ለመቆጠብ የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ገንዘቡ እዚህ ላይ ይዋል ባይ ነኝ። የጃፓን አጻጻፍ በ1946 እ.ኤ.አ. ስለተሻሻለ፣ ከዚያ በፊት በተያያዘ እጅ የተጻፈውን የዛሬ የቶኪዮ ተማሪ ላያነበው ይችላል። ጃፓንኛ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት (እኔ፣ እሱ፣ እሷ የሚለውን) መተው ይወዳል፤ ማን እንደሄደ፣ ማን እንደታመመ ተርጓሚው ይገምታል። ግልባጩ በእጃችሁ ካለ ሌላ ሰው ግምቱን ሊያርምላችሁ ይችላል። ሾዋ 17 የሚል ካያችሁ (ሾዋ በጃፓን ንጉሠ ነገሥት ዘመን የሚቆጠር የዓመት አቆጣጠር ነው) 1942 ማለት ነው (ዓመተ ምሕረት ስንቀይር ለምንውል ለእኛ ይህ ቀላል ነው)። የሰው ስም በካንጂ (ከቻይና በመጡት የጃፓንኛ ፊደላት) ሲጻፍ ብዙ ንባብ ስላለው፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ካለው የካምፑ የስም ዝርዝር ጋር ይመሳከር።

ባለቤትሽ ሲነበብለት ቅር ሊለው ይችላል፤ ነፋስ፣ አቧራ፣ የመመገቢያው አዳራሽ ምሳ ብቻ የሆነበት ገጽ ይበዛል። ጃፓን ፐርል ሃርበርን ከደበደበች በኋላ ኤፍቢአይ የጃፓን ተወላጆችን ቤት ሲፈትሽ ብዙዎች በጃፓንኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ አቃጥለው ነበር፤ ካምፕ ውስጥም ፍተሻ አልቀረም። እንግዲህ አያትየው ሌላ ዓይን እንደሚያየው አውቀው ሊሆን ይችላል የጻፉት። ስለዚህ "ዋና ዋናውን ብቻ ተርጉሙልን" የሚለውን አልደግፍም። በተለይ በ1943 መጀመሪያ ያሉትን ቀናት ተከታተሉ፤ መንግሥት እስረኞቹን ለአሜሪካ ታማኝ መሆናቸውን የጠየቀበት የታማኝነት መጠይቅ የወጣው ያኔ ነው። 28ኛው ጥያቄ ለጃፓን ንጉሠ ነገሥት ያላቸውን ታማኝነት እንዲክዱ ይጠይቅ ነበር፤ ጃፓን ተወልደው የመጡት ግን የአሜሪካ ዜግነት በሕግ የተከለከሉ ስለነበሩ "አዎ" ካሉ አገር አልባ መሆናቸው ነው። በዚያ ሰሞን ስለ አየር ጠባይ ብቻ ጽፈው ከሆነ፣ እሱም ይተርጎም።

ሲያትል ያለው ዴንሾ የሚባለው ድርጅት በካምፕ የታሰሩትን ቤተሰቦች ሰነድ በዲጂታል ያስቀምጣል፤ እነሱንም አነጋግሪ። ተርጓሚ ስትቀጥሪ ደግሞ ጽሑፉ በጣም የተወላገደበትን ገጽ መርጠሽ አስሞክሪው፤ ያልተነበበውን ቃል በግምት ሳይሞላ "አልተነበበም" ብሎ የተወውን ቅጠሪ።