መልስ፦ ኬፕታውን ላይ በተማሪ አቅም የዱር እንስሳ ለማየት

ወንድሜ፣ ኬፕታውን ልትማር መሆኑን ጽፈህ፣ ውድ ሳፋሪ ሳይከፈል የዱር እንስሳ የት እንደሚታይ ጠይቀሃል። እኔም እዚያ ተምሬያለሁ።

መጀመሪያ ሳይመንስ ታውን ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሂድ። ቦልደርስ የሚባለው ዳርቻ ላይ ፔንግዊኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ጥቂት ሆነው መጥተው ነው የሰፈሩት። ሰው ሳይበዛ በማለዳ ሂድ። ድምፃቸው ቁርጥ የአህያ ማናፋት ነው! ዝርያው እ.ኤ.አ. በ2024 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል ተመድቧል። እባክህ አትጠጋቸው፣ ምግብም አትስጣቸው።

ቴብል ማውንቴንን በእግር ውጣው። ከፍታው 1,085 ሜትር ገደማ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ የዚያ እጥፍ በላይ ነው ብለህ እንዳትዘናጋ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ውሃ ያዝ። አናቱ ላይ ዳሲ የሚሏት እንስሳ አለች። የእኛዋ ሽኮኮ ናት። መጀመሪያ ሳያት አገሬ ትዝ አለኝና እንባዬ መጣ።

ኬፕ ፖይንት በሚባለው የባሕር ዳር ጫፍ ላይ ዝንጀሮዎቹ ምግብ ይነጥቃሉ፤ ቦርሳህን ዝጋ። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ ሄርማነስ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ብቅ በል። ዓሣ ነባሪዎቹን ገደሉ ላይ ቆመህ፣ ጀልባ ሳትከራይ ታያቸዋለህ።