ከኋላ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ እስቲ እኔ ልመልስልህ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። በጥር ከባለቤትህ ጋር ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ በባሌ በኩል ደሎ መና፣ ከዚያም ነገሌ ቦረና ድረስ በሞተር ልትሄዱ አስባችኋል። ለጉዞው ሦስት ሳምንት አላችሁ። እሷ ሞተር ነድታ አታውቅም። "አንድ ትልቅ ሞተር ላይ ሁለታችንም እንውጣ ወይስ ሁለት ትንንሽ እንያዝ?" ነው ያልከው። እስካሁን የመለሱልህ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ሲሲ፣ ስለ ሞተሩ መጠን ነው። እኔ እስከ ደሎ መና ያለውን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ። አንዴ ከባለቤቴ ኋላ ተቀምጬ፣ አንዴ በራሴ ሞተር።

አስፋልት ብቻ ቢሆን አንድ ሞተር ይበቃችኋል እልህ ነበር። ፒስታና ጭቃ ካለበት ግን ሁለት ቀላል ሞተር ይሻላል። እሷ የምትለምድበት ጊዜ ከሌለ ደግሞ ጉዞውን አሳጥሩት እንጂ ሞተሩን አታተልቁት።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። መጀመሪያ የሄድነው በሮያል ኤንፊልድ ሂማልያን ነው፣ በ411 ሲሲው። ጥሩ ሞተር ነው፣ ስሙን አላጠፋም። ባዶውን 199 ኪሎ ነው። ባለቤቴ 78፣ እኔ 60፣ ዕቃው 35። ደምረው፣ 372 ኪሎ። አስፋልት ላይ ይሄ ሁሉ ክብደት አይታወቅህም። በአሰላ፣ በበቆጂ፣ በዶዶላ አድርገን ሮቤ ድረስ እየተጫወትን ደረስን። ጎባ አደርን። ጉዱ የመጣው በማግስቱ ወደ ሳነቴ መውጣት ስንጀምር ነው።

ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሜዳ ነው። አጠገቡ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከሲሶ በላይ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ እንደ ሰው ነው፣ አየር ካጠረው ጉልበት የለውም። የሂማልያኗ 24 የፈረስ ጉልበት እላይ ስትደርስ ወደ 15 ትወርዳለች። በ15 የፈረስ ጉልበት 372 ኪሎ ዳገት ማስወጣት እንግዲህ አስበው። አንደኛ ማርሽ ላይ ሆና ታቃስታለች። ሁለት ቦታ ላይ "ውረጂ" ተባልኩና በእግሬ ወጣሁ። ሄልሜትና ቡትስ አድርጎ በዚያ ከፍታ ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም። ሃያ እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ። ሃያ እርምጃ፣ እቆማለሁ። አንድ ቀይ ቀበሮ ጅብራ ሥር ሆኖ ፍልፈል ማደኑን ትቶ እኔን ያይ ነበር።

ስለ ቀበሮዎቹ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ ላይ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ከመንገዱም አትውጡ። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ጋዝ መስጠት ያምራል። ይቅርባችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወንዶች ከኋላ መቀመጥን እንደ ዕረፍት ነው የምታዩት። የሚነዳው ሰው ድንጋዩን ቀድሞ ያያል፣ ሰውነቱ ይዘጋጃል። ከኋላ ያለችው የምታየው የባሏን ጀርባ ነው። ጉድጓዱን የምታውቀው በወገቧ ነው። እሱ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሄልሜቴ ሄልሜቱን ይመታል፣ ቋ! ከጎባ ጀምሬ መቁጠር ጀምሬ ነበር፣ ሰባ ላይ ሲደርስ ተውኩት። ኮረኮንቹ ሲበዛ ደግሞ እሱ ብድግ ብሎ ቆሞ ይነዳል። ትክክል ነው፣ እንደዚያ ነው መነዳት ያለበት። ግን ወገቡን ይዤ ነበር፤ ድንገት ሲነሳ እጄ ባዶ ቀረ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ለካስ የዕቃ መጫኛውን ብረት መያዝ፣ በሁለቱ ጉልበት ወንበሩን ጨበጥ ማድረግ ይቻላል። እሱ ደግሞ "ልነሳ ነው" ብሎ መናገር ለመደ። ያቺን አንዲት ቃል ከአዲስ አበባ ስንወጣ ብንለምዳት ኖሮ ሦስት ቀን ወገቤን ይዤ ባልዋልኩ።

ከሳነቴ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ሐረና ጫካ ትገባላችሁ። ሲያንቀጠቅጣችሁ የነበረው ብርድ ሳታስቡት ይቀርና ዛፉ ከላይ ይገጥማል። ያምራል። ግን ፀሐይ ስለማይገባው ጭቃው ቶሎ አይደርቅም። ሪራን አለፍ ብለን አንድ ኩርባ ላይ ወደቅን። እየበረርን እንዳይመስልህ፣ ልንቆም ስንል ነው። እሱ ግራ እግሩን መሬት ሊያስነካ ሲል ጭቃው አንሸራተተው። እኔ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ መንገዱን ለማየት ብዬ በግራ በኩል አንገቴን አስግጌያለሁ። 372 ኪሎ አንዴ ካዘነበለ የሚመልሰው የለም። ግራ እግሬ ሻንጣው ሥር ገባ። ቡትስ ባላደርግ ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር።

ሞተሩን ለማንሳት አቃተን። ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ዕቃውን አንድ በአንድ ፈታን። ፈረስ እየነዱ የሚመጡ ሁለት ወጣቶች ደርሰው ነው ያነሱልን። አንደኛው ባለቤቴን በኦሮምኛ "ለምን ሁለት አልሆናችሁም?" አለው። "ሁለት ነን እኮ" አለ የኔው። "ሞተሩን ነው የምለው" አለው ልጁ።

ስንመለስ መንዳት ልማር አልኩ። ባለቤቴ ሁለት እሁድ ሊያስተምረኝ ሞከረ፣ ያተረፍነው ኩርፊያ ነው። አንተም አታስተምራት፣ ሌላ ሰው ፈልግላት። እኔን ያስተማረኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ባሮጌ ቦክሰር ሞተር። ፍሪሲዮን ቀስ አድርጎ መልቀቅ፣ በዝግታ መዞር፣ ወድቆ ለብቻ ማንሳት። መንጃ ፈቃዱን ጨምሮ አራት ወር ፈጀብኝ። ያንተ ሚስት ከእኔ ፈጣን ልትሆን ትችላለች፣ ግን ዛሬ ጀምራ በጥር ሳነቴ ላይ ብትወጣ ፍርሃቱ ጉዞውን ይበላዋል።

ሁለተኛውን ጉዞ በሁለት ሆንዳ ሲአርኤፍ 250 ሄድን። እያንዳንዷ ከ150 ኪሎ በታች ናት። ወንበሩ ረዝሞብኝ እግሬ መሬት አልነካ ስላለኝ ስፖንጁን አስቆርጬ አስቀነስኩት፤ ይህን ሳታደርጉ እንዳትነሱ። ሐረና ውስጥ ሁለቴ ወደቅኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሞተሬን ራሴ አነሳሁ። ትንሽ ሞተር ስትይዙ ሳልቫታዮዋም ትንሽ ናት፣ 8 ሊትር እንኳ አትሞላም። ስለዚህ ጎባ ላይ ሞልታችሁ ውጡ። ክፍያው በስልክ፣ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ ኔትወርክ ከጠፋ ማደያው አጠገብ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። አንድ ቀን ትርፍ ያዙ።

ከፊት የምትነዳው እሷ ትሁን። አንተ ከፊት ከሆንክ ሳይታወቅህ ትፈጥናለህ፣ እሷ ላንተ ስትል ከአቅሟ በላይ ትነዳለች። አቧራውንም አንተ ብላው። መገንጠያ ላይ የደረሰ ይቆማል፣ ሌላው ካልታየ አይንቀሳቀስም። ከሁለት አንዱ "በቃኝ" ካለ ክርክር የለም፣ እዚያው ይታደራል። ፒስታ ላይ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ይበቃችኋል። ከ11 ሰዓት በኋላ ከብቱ ሁሉ ወደ ቤቱ ስለሚገባ መንገዱ የእናንተ አይደለም።

ጎማውን ፒስታ ስትገቡ ትንሽ አስተንፍሱት። እኛ ከ29 ወደ 22 ፒኤስአይ አወረድነው፣ መንሸራተቱ በጣም ቀነሰ። የእጅ መንፊያና ትርፍ ከመነዳሪ አይርሳችሁ፤ ጎሚስታ እየጠበቀ የሚቆምላችሁ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው። ጎባ ሳታድሩ በቀጥታ ሳነቴ አትውጡ፣ ራስ ምታቱ አይጣል ነው። ከደሎ መና እስከ ነገሌ ስላለው መንገድና ጸጥታ ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ከዚያ የሚመጡ ሹፌሮችን ጠይቁ።

አይ፣ ሁለት ሞተር የማይቻል ነው፣ አንድ ላይ ነው የምንሄደው ካልክ ደግሞ በዚህ ቅዳሜ መናገሻ ሱባ ጫካ ይዘሃት ሂድ። ለጉዞው የምትጭነውን ዕቃ በሙሉ፣ ድንኳኑን ሳይቀር ጭነህ። ቀኑን ሙሉ የጫካውን መንገድ ውጡት ውረዱት። ማታ ስትመለሱ የሚቀጥለውን ጥያቄ እሷ ትጻፍልን።