ያ ባዶ ዓይን የማን ነው?

ጥያቄ፦ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተማሪ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ በእንግሊዝ አገር የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ይኖሩባቸው በነበሩ ተቋማት የተነሡ ፎቶግራፎችን እያየሁ ነው። የብዙዎቹ ዓይን ባዶ ነው፣ አንገታቸው ደርቋል፣ ፊታቸው ጥቁር ነጠብጣብ በዝቶበታል። ይህ ከሁኔታቸው የመጣ ነው ወይስ ከካሜራው?

መልስ፦ የዘረዘሯቸው ሦስቱም ከካሜራው ሊመጡ ይችላሉ። የዘመኑ ዋና ዘዴ ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ ያደረገው እርጥብ ኮሎዲዮን ነበር። ብርጭቆ ላይ ኮሎዲዮን የሚባል ዝልግልግ የኬሚካል ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ከዚያ ብርሃን እንዲቀበል ለጥቂት ደቂቃ ሲልቨር ናይትሬት በተባለ የብር ጨው ውሁድ ውስጥ ይነከራል። ሳይደርቅ ፎቶው መነሣትና መታጠብ አለበት፣ ለዚህም ያለው ጊዜ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢሆን ነው። ከደረቀ ብርሃን የመቀበል አቅሙ ይጠፋል።

ተነሺው እንደ ብርሃኑ ጥንካሬ ለበርካታ ሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ጭንቅላት እንዳይወዛወዝ ከኋላ በብረት መደገፊያ መያዝ የተለመደ ነበር፤ የደረቀ አንገት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ብረት ነው። ፈገግታን ያን ያህል ጊዜ ይዞ መቆየት ማንንም ያደክማል። ዓይን ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ይደበዝዛል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የቀለሙን ነገር ነው። ኮሎዲዮን የሚያየው ሰማያዊና አልትራቫዮሌት ብርሃንን ነው፤ ቀይና ቢጫ ለእሱ ጨለማ ናቸው። ስለዚህ ሰማያዊ ዓይን ነጥቶ የታወረ ይመስላል፣ የቀላ ጉንጭ ይጠቁራል፣ በዓይን እምብዛም የማይታይ ጠቃጠቆ ጎልቶ ይወጣል። ይህን ለማጣራት በዚያው ዘዴ የተነሡ የሀብታም ቤተሰብ ፎቶዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ያው ዓይን እዚያም አለ፤ እዚያ ግን ማንም በሽታ ብሎ አላነበበውም።

የዓይን ሽፋን እጥፋትና የፊት ቅርጽ ግን የካሜራ ሥራ አይደሉም። ከ1858 እስከ 1868 የኧርልስዉድ ተቋም ኃላፊ የነበረው ሐኪም ጆን ላንግደን ዳውን ነዋሪዎቹን ፎቶ ያነሣ ነበር፤ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ዳውን ሲንድሮምንም በ1866 ገልጿል። ያየው መልክ እውነተኛ ነው። የሳተው መልኩን በዘር መደቦ «ሞንጎል» ብሎ መሰየሙ ላይ ነው። ምክንያቱ ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም መሆኑ በ1959 ተገለጠ፤ ስያሜውንም የዓለም ጤና ድርጅት በ1965 ተወው።

ጥያቄ፦ በመጽሐፍ የታተመ ፎቶ በእጅ የተነካካ መሆኑን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ባለ 10 እጥፍ ማጉያ ይበቃል። ኅትመቱ በነጠብጣብ የተሠራ ከሆነ መጀመሪያ ነጠብጣቦቹን ይለዩ፣ ከዚያ በዓይን፣ በቅንድብና በአፍ ዙሪያ ከጥላው አቅጣጫ ጋር የማይሄድ የብሩሽ መስመር ይፈልጉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሄንሪ ጎዳርድ የአእምሮ ውስንነት በዘር ይወረሳል ለማለት በ1912 ስለ «ካሊካክ» ቤተሰብ ባሳተመው መጽሐፍ ባሉ ፎቶዎች ላይ እንዲህ የጠቆሩ ዓይኖችና አፎች ብዙ አከራክረዋል፤ አንዳንዱ ሆን ተብሎ ለማስፈራት ነው ሲል፣ ሌላው በኅትመት ፊት እንዳይጠፋ ያኔ የተለመደ ማጉላት ነው ይላል። መስመሩ መኖሩን ማጉያው ይነግርዎታል፤ የሠራውን ሰው ሐሳብ ግን አይነግርዎትም። ዋናው የወረቀት ቅጂ እጅዎ ከገባ ደግሞ መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገው ያብሩበት፤ በኋላ የተቀባ ቀለም ከቀሪው ገጽ በተለየ ያንጸባርቃል።